ሳንቆጥር የፈረምነው ወረቀት

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተመራቂዎች፤

እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ። ዛሬ የደስታ ቀን ነው፤ ከበድ ያለ ጉዳይ ይዤ በመምጣቴ አትቀየሙኝ። እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖርኩት በኦዲት ሥራ ነው። እናንተ ደግሞ ሒሳብና አስተዳደር ተምራችኋል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፊርማችሁን የሚጠይቃችሁ ሰው ይመጣል። ከዚያ በፊት ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ማጭበርበር ለምን አያልቅም? ሕግ አለ። ቅጣት አለ። ቤተሰብ ይመክራል፣ የሃይማኖት አባቶች ይገስጻሉ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሥነ ምግባር መርሆች ተሰቅለዋል። ያም ሆኖ ፈተና ይኮረጃል። ደረሰኝ ይቀየራል። ያልተሠራ ሥራ እንደተሠራ ሪፖርት ይደረጋል። ለምን?

ከራሴ ልጀምር።

ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት ለዓመታዊ የንብረት ቆጠራ ተላክሁ። ሦስት ሆነን ነው የሄድነው። መጋዘኑ ሰፊ ነው፣ አቧራው አይጣል ነው። የመጋዘኑ ኃላፊ ትሑት ሰው ነበሩ፤ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። ስንደርስ የቆጠራው ቅጽ ተሞልቶ ጠበቀን። በንብረት መመዝገቢያ ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር እንዳለ ወደ ቅጹ ተገልብጧል። የቡድን መሪያችን የፊተኛውን መደርደሪያ ቆጠሩ፤ ልክ ነው። ቀጥሎ ያለውን ቆጠሩ፤ እሱም ልክ ነው። ከዚያ ሰዓታቸውን አዩና «የቀረውም ያው ነው፣ እንፈርም» አሉ። ወረቀቱ እኔ ጋ ሲደርስ ሁለት ፊርማ አርፎበታል። ሦስተኛውን እኔ ፈረምኩ።

ማንም አላስገደደኝም። ማንም ገንዘብ አልሰጠኝም። አዲስ ሠራተኛ ነበርኩ፤ «ይቺ ደግሞ ከየት መጣች» እንዳልባል ፈራሁ። በቃ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ከኋላ የተደረደሩት ካርቶኖች ግማሾቹ ባዶ መሆናቸው ተደረሰበት። ኃላፊው ተከሰሱ፣ ተፈረደባቸው። በምርመራው ወቅት የተናገሩትን ስሰማ ግን እንቅልፍ አጣሁ። መጀመሪያ የወሰዱት ትንሽ ነገር ነበር። ቸግሯቸው ነው፤ እመልሰዋለሁ ብለው ነው። ቆጠራ ሲመጣ መያዜ ነው ብለው ሳምንት ሙሉ ሲጨነቁ ከረሙ። ቆጠራው መጣ። ማንም አልቆጠረም። ያን ቀን ፍርሃቱ ለቀቃቸው። ከዚያ በኋላ የወሰዱት ነው ትልቁ።

ያቺ ወረቀት ላይ ስሜ አለ።

ሁላችንም ያደግንበት ተረት አለ። ልጁ እንቁላል ሰርቆ ይመጣል፤ እናቱ ዝም ትላለች። አድጎ ከብት ይሰርቃል። ሊሰቀል ሲል «ምነው በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» ይላታል። ተረቱ ሲነገረን ጣታችንን የምንቀስረው እናትየዋ ላይ ነው። እኔ ግን ከዚያ መጋዘን በኋላ አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። እናትየዋ ለምን ዝም አለች? ክፉ ስለሆነች ይመስላችኋል? እኔ አይመስለኝም። ቤት ውስጥ የሚበላ አልነበረም ይሆናል። እንቁላሉ ተበላ። እሷም ቀመሰች። የቀመሰ ሰው ደግሞ ለመቅጣት አንደበት ያጣል።

የእኛም ዝምታ እንደዚያው ነበር። የቡድን መሪያችን በጊዜ ቤታቸው ገቡ። አለቆቻችን ንጹሕ ሪፖርት አገኙ። እኔ «ሥራ ትችላለች» ተባልኩ። ሁላችንም ከእንቁላሉ ቀመስን። ዛሬ ልነግራችሁ የምፈልገው ነገር ይኸው ነው። ማጭበርበር የሚኖረው በአጭበርባሪው ጉልበት ብቻ አይደለም። ትርፉ ለብዙ ሰው በትንሽ በትንሹ ይዳረሳል። እውነት የመናገር ዕዳ ግን አንድ ሰው ላይ ይወድቃል። ብዙ ሰው ትንሽ እያተረፈ፣ አንድ ሰው ብቻውን ብዙ የሚከፍልበት ነገር እንዴት ይቆማል?

እስቲ ላብራራው። አሁን የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ2016 የታተመ አንድ ጥናት አለ። በ23 አገሮች የሚገኙ ከ2,500 በላይ ወጣቶች ዳይ (ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር ያለበት መጫወቻ) እንዲጥሉ ተደረገ። ሁለት ጊዜ ጣሉ፣ የመጀመሪያውን ብቻ ንገሩን ተባሉ። ትልቅ ቁጥር የተናገረ ብዙ ገንዘብ ያገኛል፤ ስድስት ያለ ብቻ ምንም አያገኝም። ዳዩን ከጣለው ሰው በቀር ማንም አያየውም። ሰዎቹ ምን አደረጉ መሰላችሁ? አብዛኞቹ ዓይናቸውን አፍጥጠው አልዋሹም። ሁሉም እውነቱን ተናግሯል ማለት ግን አይደለም። ውጤቱ ሲታይ ብዙዎቹ ከሁለቱ ውስጥ ከፍ ያለውን መርጠው የተናገሩ ይመስላል። «ምን አለበት፣ እሱም እኮ የጣልኩት ነው» ማለት ይቻላላ! ሰው የሚያጭበረብረው ለራሱ ማስረዳት እስከሚችልበት ድረስ ነው። ሌብነት ከተለመደበት አገር የመጡት ወጣቶች ደግሞ ከሌሎቹ በለጥ ያለ ዋሽተዋል። አካባቢያችን ለራሳችን የምንሰጠውን ሰበብ ያሰፋዋል ወይም ያጠበዋል።

ሰበቡ የሚሠራው በቃላት ነው። ኩረጃን «መረዳዳት» እንለዋለን። ጉቦን «ምስጋና» እንለዋለን። የሐሰት ሪፖርት «ማስተካከያ» ይሆናል። ከሁሉ የሚከፋኝ ግን ሌላ ነው። ሲያጭበረብር ያልተያዘውን «አራዳ» እንለዋለን፤ ወረፋውን የጠበቀውን፣ ሰው ሳያየው ያገኘውን የመለሰውን «ፋራ» እንለዋለን። ወላጆች፣ እባካችሁ ይህን በልጆቻችሁ ፊት አትበሉ። ልጅ ይህን ቃል የሚሰማው ከምክራችሁ ሁሉ አስበልጦ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውንም እየሳቅን እንናገረዋለን። አንድ ሰው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ጆሮው ውስጥ የሚያቃጭለው ግን እሱ ነው።

ወደ ተቋማት እንምጣ። እዚህ ላይ ረዘም ላድርገው፤ እናንተ ነገ የምትገቡበት ነውና።

ዌልስ ፋርጎ የሚባል ትልቅ የአሜሪካ ባንክ አለ። ባንኩ ሠራተኞቹ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ስምንት ዓይነት አገልግሎት እንዲሸጡ ግብ አስቀመጠ። ስምንት! አንድ ሰው ስንት የባንክ ሒሳብ ያስፈልገዋል? ግቡን ያልመታ ሠራተኛ በየቀኑ ይወቀሳል፣ ከሥራ እባረራለሁ ብሎ ይሰጋል። ስለዚህ ሠራተኞቹ ደንበኛው ሳያውቅ በስሙ ሒሳብ መክፈት ጀመሩ። በ2016 ነገሩ ይፋ ሲወጣ ባንኩ 185 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። በጊዜው ሁለት ሚሊዮን ያህል ያለፈቃድ የተከፈቱ ሒሳቦች ሳይኖሩ አይቀሩም ተባለ፤ በሚቀጥለው ዓመት ግምቱ ወደ 3.5 ሚሊዮን አደገ። በዓመታት ውስጥ 5,300 ያህል ሠራተኞች ተባርረዋል።

5,300 ሰው ላይ ቆም በሉ። አንድ ባንክ በአጋጣሚ 5,300 አጭበርባሪ ቀጥሮ ነው? አይደለም። ግማሹ እንደ እናንተ ጋውን ለብሶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ እናቱን አቅፎ የወጣ ልጅ ነበር። ከመሐላቸው ለባንኩ የሥነ ምግባር ስልክ ደውለው ጥቆማ ያደረጉ ነበሩ። ጠቁመን ተባረርን ያሉም አሉ። ስልኩ እኮ የተዘረጋው ሰው እንዲደውል ነበር።

የአሜሪካዋን የአትላንታ ከተማ ትምህርት ቤቶች ጉዳይ ደግሞ እዩት። መምህራን የሚመዘኑት ተማሪዎቻቸው በሚያመጡት ውጤት ነበር። ውጤቱ ከፍ አለ፤ ሽልማትና ሙገሳ ጎረፈ። በ2011 የወጣው የመንግሥት ምርመራ በ44 ትምህርት ቤቶች 178 መምህራንና ርእሳነ መምህራን በማጭበርበሩ እንደተሳተፉ አመለከተ። መምህራን ተሰብስበው የተማሪዎችን የተሳሳተ መልስ በላጲስ እያጠፉ ትክክለኛውን ያጠቁሩ ነበር። አስቡት፤ ማንበብ የሚያቅተው ልጅ ወረቀቱ ላይ «ጎበዝ» ተባለ። ጎበዝ ስለተባለ ደግሞ ማንም ሊረዳው አልመጣም። በማጭበርበር ውስጥ ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ልጅ አለ። ስብሰባው ላይ አይገኝም፣ ፊርማ የለውም፣ ስሙ ሪፖርቱ ውስጥ አይገባም።

ዶናልድ ካምቤል የሚባል የማኅበራዊ ሳይንስ ሊቅ ይህን በ1970ዎቹ አስጠንቅቆ ነበር። አንድን ቁጥር ለውሳኔ አብዝታችሁ በተጠቀማችሁበት መጠን ቁጥሩ ራሱ ይበላሻል፤ ሊለካው የነበረውንም ሥራ ያበላሻል። የአስተዳደር ተመራቂዎች፣ ነገ ግብ የምታስቀምጡት እናንተ ናችሁ። ግቡን ስትጽፉ «ይህ በሐቅ ይደረሳል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። በሐቅ የማይደረስ ግብ ያስቀመጠ አለቃ ውሸት አዝዟል። አፉን ከፍቶ ባይናገረውም አዝዟል።

አሁን ወደ ዝምታው ልመለስ።

ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በተነሣች በ73 ሰከንድ ውስጥ ተበታተነች። ሰባት ሰው ሞተ። ምክንያቱ የሮኬቱን መገጣጠሚያ የሚደፍን የጎማ ቀለበት በብርዱ መድረቁ ነበር። ይህ ችግር ድንገት የመጣ አይደለም። በቀደሙት በረራዎች ቀለበቱ ተበልቶ ታይቷል። ግን መንኮራኩሯ በሰላም ስለተመለሰች «ይህን ያህልማ ችግር የለውም» ተባለ። ቀጥሎም ተበላ፤ አሁንም ችግር የለውም ተባለ። ዳያን ቮን የተባለች የሶሲዮሎጂ ምሁር ጉዳዩን ለዓመታት አጥንታ የደረሰችበት ይኸው ነው፤ ከመስመር መውጣት እየተለመደ ሄዶ መስመሩ ራሱ ይሆናል። ያልተቆጠረው መጋዘንም ልክ እንደዚያ ነው።

ከበረራው በፊት በነበረው ምሽት ግን ዝም ያላሉ ሰዎች ነበሩ። ሮኬቱን የሠራው ኩባንያ መሐንዲሶች በስልክ ስብሰባ ላይ «በዚህ ብርድ አትነሣ» ብለው ተሟገቱ። አንዱ ሮጀር ቦይስጆሊ ይባላል። ከስድስት ወር በፊትም በጽሑፍ አስጠንቅቋል። ኩባንያው መጀመሪያ ሰምቷቸው ነበር። ግፊቱ ሲበረታ ግን አንዱ ከፍተኛ ኃላፊ ለምሕንድስና ኃላፊው «የመሐንዲስነት ኮፍያህን አውልቅና የአስተዳዳሪነት ኮፍያህን አድርግ» አለው። አወለቀ። ትነሣ ተባለ።

ቦይስጆሊ ከአደጋው በኋላ ለምርመራ ኮሚሽኑ እውነቱን መሰከረ። ምን አገኘ? የሥራ ባልደረቦቹ አገለሉት። በመጨረሻም ሥራውን ለቀቀ። ልብ በሉ፤ እሱ ልክ ነበር፤ ልክ መሆኑን ዓለም በሙሉ በቴሌቪዥን አይቷል። ያም ሆኖ ከፈለ። የሚያዩት ወጣት መሐንዲሶች ከዚህ ምን ይማራሉ? ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው መርሕ ይልቅ እውነት የተናገረው ሰው የደረሰበትን ነው የሚማሩት። እኔ የገባሁበትን መሥሪያ ቤት ሁሉ የምመዝነው በዚህ ነው። የመጨረሻው የጠቆመ ሰው አሁን የት ነው ያለው? ዕድገት አግኝቷል ወይስ ጥግ ላይ ተቀምጧል? ከሰነዱ ሁሉ በላይ የሚነግራችሁ ይህ መልስ ነው።

«ቅጣቱ ይጠንክር» የሚል አስተያየት ሁልጊዜ ይነሳል። ቅጣት ይኑር፣ አልቃወምም። ግን ሰውን የሚያስቆመው የቅጣቱ ክብደት ሳይሆን እያዛለሁ የሚለው ስጋት ነው። ይህን የወንጀል አጥኚዎች ደጋግመው አሳይተዋል። የመጋዘኑ ኃላፊ ሕጉን በደንብ ያውቁ ነበር። የጎደለው የሚቆጥር ሰው ነው።

ሰው ብቻውን ለምን አይቆጥርም? በ1950ዎቹ ሶሎሞን አሽ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቀላል ሙከራ ሠራ። መስመሮች ተሥለዋል፤ የትኛው ከየትኛው እኩል እንደሆነ መናገር ነው። ሕፃን ልጅ አይሳሳተውም። ግን ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሌሎች ሰዎች ሆን ብለው የተሳሳተ መልስ እንዲሰጡ ተነግሯቸዋል። መጨረሻ አካባቢ የሚመልሰው እውነተኛው ተፈታኝ ምን አለ? ከሰጡት መልስ አንድ ሦስተኛው ገደማ ከብዙኃኑ ስሕተት ጋር የተስማማ ሆነ። በገዛ ዓይኑ እያየ! የእኔን ሦስተኛ ፊርማ አስታወሳችሁ?

ሙከራው ግን ሁለተኛ ክፍል አለው፤ እኔ የምወደው እሱን ነው። ከመሐላቸው አንድ ሰው ብቻ ትክክለኛውን መልስ እንዲናገር ሲደረግ የተፈታኞቹ ስሕተት በእጅጉ ቀነሰ። አንድ ሰው ብቻ ነው። አለቃ መሆን አላስፈለገውም፣ ጀግና መሆንም አላስፈለገውም። የሚታየውን ተናገረ፣ አለቀ።

ኔዘርላንድስ ውስጥ ዲደሪክ ስታፔል የሚባል ዝነኛ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ነበር፤ የፋኩልቲ ዲን ሆኖ ሠርቷል። ለዓመታት የጥናት መረጃ ከጭንቅላቱ እየፈጠረ ያሳትም ነበር። በ2011 ነው የተጋለጠው። ከሃምሳ በላይ ጽሑፎቹ ተሰርዘዋል። ያጋለጡት ሦስት ወጣት ተመራማሪዎች ናቸው። ጉዳዩ ጥርጣሬ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ለወራት ማስረጃ ሰበሰቡ። ዕድሜያቸው ከእናንተ ብዙም አይርቅም። አንዱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ በዲን ላይ ደፍሮ ይናገር ነበር? አላውቅም። ሦስት ሆነው ግን ተናገሩ። ዕዳው ለሦስት ተካፈለ።

«ሁሉም ያደርገዋል» የሚለውን ነገር ደግሞ ልንገራችሁ፤ ሥራ ቦታ በጣም የምትሰሙት እሱን ነውና። በ2019 ይፋ የሆነ ጥናት ነው። አጥኚዎች በ40 አገሮች፣ በ355 ከተሞች ከ17,000 በላይ የኪስ ቦርሳዎችን «መንገድ ላይ ወድቆ አገኘሁት» እያሉ በየተቋሙ ላሉ እንግዳ ተቀባይ ሠራተኞች ሰጡ። በቦርሳው ውስጥ የባለቤቱ አድራሻ አለ። አንዳንዱ ገንዘብ አለው፣ አንዳንዱ የለውም። ገንዘብ ያለው ይሰረቃል ብላችሁ ትገምቱ ይሆናል። የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ራሳቸው እንደዚያ ገምተው ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። ገንዘብ ከሌላቸው ቦርሳዎች 40 በመቶ ያህሉ፣ ገንዘብ ካላቸው ደግሞ 51 በመቶ ያህሉ ባለቤታቸው እንዲያገኛቸው ተሞከረ። ሰው ራሱን ሌባ ብሎ መጥራት ይከብደዋል።

ይህን ሳነብ አልቅሻለሁ። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት የሰውን ጉድለት በመፈለግ ነው። እንደዚያ ስትኖሩ ሁሉም ሰው ሌባ ይመስላችኋል። አይደለም። አጠገባችሁ ከተቀመጠው ሰው ይልቅ እናንተ እንደምትሻሉ አታስቡ። ምናልባት እሱም ልክ እንደ እናንተ ሌላው እስኪናገር እየጠበቀ ነው።

አንድ ነገር ነግሬያችሁ ልጨርስ።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ዓመት ሲቀረኝ የቡድን መሪ ሆኜ ለቆጠራ ሄድን። የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ነው፣ ጊዜ የለም፣ ከላይ በየሰዓቱ ይደወላል። ደክሞኛል። ሁለት መደርደሪያ ቆጠርን። ልክ ነው። ወረቀቱን ፈርሜ አብሮን ለመጣው አዲስ ልጅ አቀበልኩት። አዎ፣ እኔው ራሴ፤ ያን ሁሉ አውቄ። ልጁ ወረቀቱን ያዘ። አልፈረመም። ፊቱ ቀላ። ቀስ ብሎ «ይቅርታ፣ የኋለኛውን አልቆጠርንም እኮ» አለኝ። እስክሪብቶው እጁ ላይ ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

ወረቀቱን ተቀብዬ ቀደድኩት። ጃኬቴን አወለቅሁ። «አንተ ጥራ፣ እኔ እጽፋለሁ» አልኩት። የመጋዘኑ ሠራተኛም መሰላል አምጥቶ አገዘን። የመጨረሻውን ካርቶን ከፍተን ቆጥረን ስንወጣ ጨልሞ ነበር። ሦስታችንም ፈረምን።

አመሰግናለሁ።